ሚስተር ናም እንደገና የወረወረበት በጋ

ባለፈው ሳምንት የሥራ ልብሴን ላሳጥብ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ወዳለ አንድ ላውንድሪ ገባሁ። በሩን ስከፍተው የካውያ እንፋሎትና ሸሚዝ የሚያጠነክረው የስታርች ሽታ ተቀበለኝ፤ የሞቀ ጨርቅ፣ ትንሽ የሚያፍን፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ሽታ። ደረሰኝ የምትቆርጠው ልጅ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ነው የሰማኋት። በዚያች ቅጽበት እኔ ያደግኩባት ቤድፎርድ ነበርኩ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከአፓርታማችን ጀርባ ባለው የብረት ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ሚስተር ናምን እያየሁ።

ሚስተር ናም ከእኛ በታች ባለው ቤት ብቻውን የሚኖር ኮሪያዊ ነበር። ረጅም ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሲራመድ ግን መሬቱን ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ይመስላል። ጎህ ሳይቀድ የእህቱ ላውንድሪ ይገባና ሸሚዝ ሲተኩስ ይውላል። አሥር ሰዓት ላይ ሲመለስ ያ ሽታ ደረጃው ሥር ይሞላል። ልጅ ናት ብሎ አይንቀኝም፤ ባገኘኝ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። በእኛ ቤት ጎንበስ የሚባለው ለትልቅ ሰው ስለሆነ፣ እሱ ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ያደግኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ብርዱ ወጥቶ ሙቀቱ ሲገባ፣ ሚስተር ናም ከሕንፃው ጀርባ ባለው የብሎኬት ግንብ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን ሣለ። ከዚያ ከአንድ ነጭ ባልዲ የቤዝቦል ኳስ እያወጣ ግንቡን ይደበድብ ጀመር። ጓ! ጥቂት ዝምታ። ጓ!

አባቴ ሰይድ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ይሠራ ስለነበር ቀን ቀን ይተኛል። "ያ ረቢ! ይኼ ሰውዬ ግንቡን ሊንደው ነው እንዴ?" እያለ ይገላበጣል። በአራተኛው ቀን አልቻለም፤ ሽርጡን እንዳገለደመ ወረደ። እኔም ከኋላው። ገና ስንጠጋ ሚስተር ናም ሊወረውር ያነሣውን ክንድ አወረደ። የሁለቱም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነበር፤ ግን ተግባቡ። በማግሥቱ ሚስተር ናም ውርወራውን ወደ አሥራ አንድ ተኩል፣ አባቴ ወደሚነሣበት ሰዓት አዛወረ። ደግሞ ፒር የሚባል ፍሬ ልጦ በሳህን ይዞ መጥቶ በራችንን አንኳኳ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሻዩን ይዞ አጠገቤ እየተቀመጠ ያየው ጀመር። "አየሽ?" አለኝ አንድ ቀን። "ሰው ካለ አይወረውርም።" እውነቱን ነበር። ቆሻሻ ሊጥል የወጣ ሰው ከግንቡ አሥር እርምጃ ርቆ እንኳ ቢያልፍ፣ ሚስተር ናም ኳሱን ደረቱ ላይ ይዞ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

አባቴ ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ሚስተር ናም ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠና ነገረን።

በአገሩ ስሙ የታወቀ ፒቸር ነበር፤ ዱላ ለያዘው መቺ ኳሱን የሚወረውረው ሰው ማለት ነው። አንድ ቀን ከእጁ ያመለጠው ኳስ የአንድ ወጣት መቺ ዓይን ላይ አረፈ። ልጁ ዳግመኛ አልተጫወተም። "ይቅርታ ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ" አለ ሚስተር ናም። "እናቱ ወንበር ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።" ከዚያ በኋላ ሰው ፊቱ ሲቆም እጁ አልታዘዝ አለው፤ ቡድኑም አሰናበተው። ስምንት ዓመት ኳስ ሳይነካ ኖረ። አሁን ሠላሳ ስድስት ሞልቶታል። ከወር በኋላ እዚሁ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ቡድን ትራይአውት፣ የተጫዋች መምረጫ ፈተና፣ አለው። "ግንቡን እመታለሁ" አለ። "ግንብ ግን ሰው አይደለም።"

አባቴ ብርጭቆውን ለእኔ ሰጥቶ ተነሣ። "ሶ፣ የጎደለህ ሰው ነው" አለው፤ ሄዶም መቺ እንደሚቆመው ከጠመኔው ሥዕል ጎን ቆመ። ዱላ እንኳ አልያዘም።

"ኖ፣ ሰይድ። ፕሊስ፣ ሂድ።"

"ሺፍቴ እየደረሰ ነው። ወርውር።"

እማዬ በመስኮት አየችው። "አንተ ሰውዬ! ልጅ አለችህ እኮ!"

"ዘሃራ፣ ዝም በይ፤ የሰውየውን ሐሳብ አትበትኚበት።"

ያን ቀን ኳሱ ከሚስተር ናም እጅ አልወጣም። በማግሥቱም አልወጣም። ላቡ ካንገቱ እየወረደ ክንዱን ያነሣል፣ ያወርዳል። በሦስተኛው ቀን እማዬ እያጉረመረመች ወረደችና የእኔን ሐምራዊ የብስክሌት ሄልሜት አባቴ ጭንቅላት ላይ ደፋችበት። ጆሮው ጋ አልወርድ አለ። አባቴ ከነሄልሜቱ፣ ከነሽርጡ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስተር ናም አየውና ሳቀ። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ እያለ ወረወረ፤ ኳሱ ቀስ ብሎ ሄዶ የአራት ማዕዘኑን መሐል መታ።

"ይኼ የጥምቀት ሎሚ ነው!" አለ አባቴ። "የምርህን ወርውር!"

ወሩን ሙሉ ቆመለት። የመጨረሻዎቹ ቀናት ኳሱ ከአባቴ ደረት ስንዝር ርቆ ሲያልፍ ፉጨቱ እኔ ጋ ይሰማ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ "አትፈራም?" አልኩት።

"እፈራለሁ እንጂ! ሽርጥ የምለብሰው እግሬ ሲንቀጠቀጥ እንዳይታይ ነው።"

ቡድኑ ተቀበለው። ለመጀመሪያው ጨዋታ አባቴ ከሥራ ኦፍ ወስዶ፣ እማዬ ቴምር በላስቲክ ይዛ፣ ሦስታችንም ሄድን። የታጨደ ሣር ሽታ፣ የጋለ የብረት ወንበር፣ ስሙን ማንበብ ያቃተው አስተዋዋቂ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሚስተር ናም ወደ ሜዳው መሐል ወጣ። የመጀመሪያው ኳስ ከመቺው እጅግ ርቆ ሄደ። ሁለተኛውም። ሰዉ ያጉረመርም ጀመር። እኔ ከርቀት ክንዱን አየሁት፤ ያ አልታዘዝ ያለው ክንድ ነበር።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። አልጮኸም፣ አላጨበጨበም። እንደዚያ ግንቡ ጋ እንደሚቆመው፣ እጁን ወደ ታች ጥሎ ቆመ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ቁጭ በል አለው፤ አልሰማውም። ሚስተር ናም አይቶት ይሁን ሳያየው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስተኛው ኳስ ከመቺው ደረት ስንዝር ርቆ አለፈ፤ ዳኛው ልክ ነው ብሎ እጁን አነሣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መቺው አንዱንም ሳይነካ ተሸነፈ። ሚስተር ናም ኮፍያውን አውልቆ ለመቺው ጎንበስ አለለት፤ መቺው ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ። አባቴ ያኔ ተቀመጠ፤ የእማዬን እጅ ይዞ ብዙ ደቂቃ አልለቀቀም።

ሁለት በጋ ተጫወተ። ከዚያ እናቱ ታመሙበትና ወደ አገሩ ሄደ። ሲሄድ እያንዳንዳችንን በየተራ ጎንበስ ብሎ ተሰናበተን። ሁለት ፖስትካርድ ደረሰን፤ ከዚያ እኛም ቤት ቀየርን፣ ካርዱም ቀረ። ካደግኩ በኋላ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌው ነበር። ኮሪያ ውስጥ ስንት ናም እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። አንዳንዱን ፎቶ አተኩሬ አያለሁ፤ ትከሻው ይመስለኛል፣ ፊቱ ግን ሌላ ይሆናል። እናቱ ድነው ይሆን? ያን ዓይኑን የተመታውን ልጅ አግኝቶት ይሆን? የምጠይቀው ሰው የለም።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቅዳሜ ስሄድ ቴሌቪዥን ላይ ቤዝቦል እናያለን፤ ሕጉ እስከ ዛሬ አልገባውም። አልፎ አልፎ ኳስ መቺውን ይመታዋል። ሜዳው ሙሉ ይነሣል፣ ሐኪም ይሮጣል፣ ካሜራውም የወደቀውን ያሳያል። አባቴ ግን መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላል፤ የወረወረውን ልጅ ይፈልጋል። ጥግ ላይ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ብቻውን ቆሞ ሲያገኘው፣ "አይዞህ ልጄ" ይለዋል፣ በአማርኛ።