«ሳቂ እስቲ» ይሉኝ የነበሩት አያቴ

አያቴን ሳስባቸው የሚታዩኝ ከሶዶው ቤታችን ጓሮ፣ ከወይራው ሥር ቆመው ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት መፋቂያ ይቆርጡና አንዱን ለእኔ ይሰጡኛል። ፍቄ ስጨርስ አገጬን ቀና አድርገው፣ «ሳቂ እስቲ!» ይሉኛል።

አንድ ቀን ሰነፍኩና መፋቂያውን እሳት ውስጥ ጥዬ፣ ፍቄያለሁ ብዬ ሳቅሁላቸው። ወዲያው አወቁብኝ። አልተቆጡም፤ ሌላ ቆርጠው ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ ጥርስ ለሚነቅል እንኳ የምንከፍለው የለንም። የድሃ ሐኪሙ ይኸው ዛፍ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መስቀል ሲመጣ እኩዮቻቸው ጥርሳቸው ረግፎ መረቅ ሲጠጡ፣ እሳቸው ከእኛ እኩል ሥጋ ይበሉ ነበር። ከበሉም በኋላ በጨው ውሃ ሳይጉመጠመጡ አይተኙም።

ጣልያን በገባ ዓመት ሞቱ፤ አንድ ጥርስ እንኳ ሳይጎድላቸው ተቀበሩ።

ወይራው ዛሬም አለ። ጠዋት ጠዋት አንድ መፋቂያ እቆርጣለሁ፤ እሳቸው እንዳስተማሩኝ እስከ መንጋጋዬ ድረስ እፍቃለሁ። ስጨርስ እንደ ልማዴ ቀና እላለሁ። ማንም የለም። አፌን ገጥሜ ወደ ቤት እገባለሁ።