ጎታ ውስጥ የበላሁት ዳቦ

የልጅ ልጄ ሐናን ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ አንድ የውጭ አገር ፊልም አሳየችኝ። በዚህ ወራት መካነ ሰላም ላይ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና እስኪመሽ አይለቅም። የሚወጣበት ስላልነበረ ጋቢዬን ደርቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊልሙ የሚያወራው ስለ አንድ የልጆች ተረት ነው፤ በአገራቸው ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ተረት መሆኑን ነገረችኝ። ተረቱ ዛፍ ላይ ወጥታ አልወርድም ያለች እልኸኛ ልጅ ታሪክ ሲሆን፣ ፊልሙ ደግሞ ደራሲው ተረቱን የቀዳባት እውነተኛዋ ልጅ ማን እንደነበረች ያሳያል። ልጅቱ የደራሲው ጎረቤት ነበረች። አርጅታ እንኳ በመንገድ ያገኛት ሁሉ «ዛሬስ ወረድሽ?» ይላታል፣ እሷም ፈገግ ብላ ታልፋለች። ዛፉ ላይ የወጣችው ሰክሮ የሚመጣ አባቷን ፈርታ እንደነበር የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ሐናን ስትተረጉምልኝ ቆይታ በመሃል ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ያንቺም እኮ ፊልም ይወጣዋል» አለችኝ። «ወላሂ፣ ሰው በሳቅ ይሞታል።»

እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኔ ሴትዮዋ ላይ ነበር።

በዚህች ከተማ ሰዓዳ ብቻ ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የሚያሳያችሁ አታገኙም። ሰዓዳ ጎታ ስትሉ ግን ያገኛችሁት ሁሉ ሱቄ ድረስ ይዟችሁ ይመጣል፣ መንገድ ላይም ታሪኬን ያጫውታችኋል። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንዳንዱ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ይናገረዋል።

ጎታ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በገበሬ ቤት ጥግ የሚቆም፣ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእህል ማስቀመጫ ነው። አፉ ከላይ ነው። ከታች ደግሞ እህል የሚቀዳበት፣ በጨርቅ የሚወተፍ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው የሚወርደው እህል ሲያበቃ፣ ከቤቱ ልጆች ቀጭኑ ተመርጦ በአፉ ይወርድና ጥግ ጥጉን ጠርጎ የተረፈውን ያወጣል። ጎታ የሚጠረገው አንድም አዲስ እህል ሊገባ ሲል ነው፣ አንድም ቤቱ ሲራብ። እኔ የወረድኩት በነሐሴ ነበር፤ በነሐሴ ደግሞ በእኛ አገር አዲስ እህል የለም።

አባቴ ከሞተ ገና ዓመቱ አልሞላም ነበር። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ከሚያልቅበት ላይ ነበር፤ እናቴ፣ እኔና ገና ድክ ድክ የሚል ወንድሜ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሰይድ የሚኖረው አቀስታ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። ግን ለቅሶ ላይ በሽማግሌዎች ፊት ቃል ተናግሮ ነበር፦ «ይህ ቤት እህል ካጣ ልጅቱን እወስዳለሁ። የወንድሜ ልጅ ስትራብ አላይም።» ሁሉም መረቁት። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። አጎቴ ቤት የገባች ልጅ የማን እንጨት ለቃሚ፣ የማን ውኃ ቀጂ እንደምትሆን ታውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር እንደማይታሰብም ጭምር።

ያን ቀን እናቴ መደቡ ላይ ቆማ በብብቴ ይዛ ጎታው ውስጥ አወረደችኝ። የገብሱን ጥራጊ በእጄ እየሰበሰብኩ ሳለሁ ከደጅ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአጎቴ ድምፅ ነበር። እናቴ አጎነበሰችብኝና «ትንፍሽ እንዳትይ» አለች። ከዚያ የጎታውን አፍ በሰፌድ ከደነችው።

ጨለመ። ያረጀ ገብስና የነቀዝ ሽታ አፈነኝ። ግድግዳው በሁሉም በኩል ይነካኛል። ዛሬም ቢሆን ጠባብ ቦታ አልችልም፤ ሚኒባስ ስሳፈር በር በሩን ነው የምሻው። ከውጭ የሚያወሩት ይሰማኛል።

«እህሉስ እንዴት ነው ዘምዘም?»

«አልሐምዱሊላህ ጋሽ ሰይድ፣ ጎታው አልጎደለም። አይሥጉ።»

«ልጅቱስ?»

«ጎረቤት ልኬያት ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል ብዬ ነበር፣ ግን ዝናቡ ወረደና ያዘው። ስለ በቅሎው አወራ፣ ስለ አቀስታ ውርጭ አወራ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ አወራ። እግሬ ደነዘዘ። አቧራው ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ታገልኩ፣ ኋላ ግን ሳሉ ፈነቀለኝ።

«ጎታው ውስጥ ምንድን ነው?» አለ አጎቴ። «ይሄ አይጥ አይደለም።»

ሲነሣ ሰማሁት። በባዶ አፌ ብወጣ ጎታው ባዶ መሆኑ እንደሚታወቅ ገባኝ። በጭብጤ የነበረውን ጥሬ ገብስ ከነአቧራው አፌ ውስጥ ሞጀርኩት። እናቴ ቀድማ ደርሳ ጎትታ ስታወጣኝ ጉንጬ ተወጥሮ እቆረጥም ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። ወዲያው ሰፌዱን መልሳ ከደነች።

«አንቺ ሆዳም!» አለችኝ። «ጎረቤት ሂጂ ብልሽ ጥሬ ልትቆረጥሚ ገባሽ? አዩልኝ ጋሽ ሰይድ፣ እህል ላይ ተኝታ ነው የምትውል እኮ።»

አጎቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጭንቅላቴን እያሻሸ «ማሻአላህ፣ የወንድሜ ቤት ጠግቧል» አለና ዝናቡ ሲያባራ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። እናቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን እስኪርቅ አየነው። ከዚያ ተመልሼ ወርጄ ከጎታው ያወጣሁትን ጥራጊ አበጥራ አጥሚት ሠራችልን።

አጎቴ ወሬውን ለአቀስታም ለመካነ ሰላም ገበያም አዳረሰው። አጥር ተሻግሮ የሚኖር አስናቀ የሚባል የአማርኛ መምህር ነበር፤ ከደሴ የመጣ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ወሬውን ሲሰማ ተረት አደረገው። በእሱ ተረት ልጅቱ ጎታ ውስጥ ሆና ስትበላ ስትበላ ሆዷ ተነፍቶ በአፉ መውጣት አቃታት። ይህን ጧት ጧት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ እየቆራረሰ አነበበው። ልጆቹ የነገውን ለመስማት እየሮጡ ይመጡ ነበር፤ አርፋጅ ጠፋ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሰው ቤት እንደ ሰው መብላት ቀረብኝ። ሰርግ ላይ፣ ሰደቃ ላይ «ለሰዓዳ ቀስ እያላችሁ፣ ድግሱን እንዳትጨርሰው» ይላሉ። ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ሆዴ ግን ከጀርባዬ ተጣብቋል። የዚያ ዓመት አዝመራችን ትንሽ ነበር፤ ሚያዝያ ሳይጠባ ጎታው ተመልሶ ባዶ ሆነ።

አንድ ቀን አልቻልኩም።

«እማዬ፣ እኔ ሆዳም አይደለሁም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ካወቀ ግን አንቺን አጣሻለሁ።»

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ደረሰ። መምህር አስናቀ ተረቱን ወደ ድራማ ለወጠው። «አንቺ እያለሽ ማን ሊጫወተው?» አለኝ፣ እንደ ትልቅ ሽልማት ነገር። ተማሪዎች ከሸንበቆና ከጭቃ ጎታ ሠሩ፤ ሰው ውስጡን እንዲያይ በፊት ለፊት በኩል ክፍት ተደረገ። ልምምድ ላይ እንዲሁ በባዶ አፌ አላምጥ ነበር። በበዓሉ ቀን ግን መምህሩ እውነተኛ ድፎ ዳቦ፣ ሙሉ፣ ገና ትኩስነቱ ያልወጣ፣ ጎታው ውስጥ አስቀመጠልኝ።

ያን ጧት ምንም አልቀመስኩም ነበር። ማታም እናቴ ያላትን ለወንድሜ ነበር የሰጠችው።

መጋረጃው ሲከፈት አጎቴን አየሁት። ከአቀስታ ድረስ መጥቶ ነጭ ጥምጣሙን አስሮ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ አጠገቡ እናቴ አለች። ቀስ ብዬ እበላለሁ፣ ለወጉ ብቻ እቆርሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። የመጀመሪያው ቁራሽ አፌ ሲገባ ቃሌን ረሳሁት። በሁለት እጄ እየገመስኩ ጎረስኩ። አላኝክም፣ እውጣለሁ። ከመጋረጃ ጀርባ «ሰዓዳ፣ ነይ ውጪ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ሌላ ቁራሽ ጎረስኩ። ደገሙት። እንደገና ደገሙት።

«ገና... አልጠገብኩም» አልኩ፣ አፌ እንደሞላ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ ጭኑን እየመታ «እሷው ናት! ወላሂ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ እንዲሁ ነበረች!» ይላል። መምህር አስናቀ በመጋረጃው ጫፍ ብቅ ብሎ በኩራት ያየኛል። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጎቴ በክርኑ ነካ አደረጋት፦ «አየሽ ዘምዘም፣ እስክታለቅሺ ድረስ አሳቀችሽ።»

አባቴ የሞተ ቀን ትከሻዋ እንደዚያው ነበር። ከሕዝቡ ሁሉ ያየሁት ያንን ትከሻ ነው። መብላቴን ላቆም ፈለግሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ያቺን የጭቃ ግድግዳ አልፌ ብሮጥ፣ ርቦኛል ብዬ ብጮህ፣ አጎቴ በዚያው ቀን በበቅሎው አፈናጥጦ እንደሚወስደኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ ዳቦው እስኪያልቅ በላሁ። የመጨረሻውን ቁራሽ ብቻ ማንም ሳያይ ለወንድሜ ቀሚሴ ውስጥ ወሸቅኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ቀድማኝ ሄደች። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ቆመችና ከአገጬ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ጠረገችልኝ።

«ገበናዬን ሸፈንሽልኝ» አለች። «ይቅር በይኝ።»

አጎቴ ከዚያ በኋላ ልውሰዳት ብሎ አላነሣም። ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ሱቅ ከፈትኩ፤ እናቴንም አስታምሜ ቀበርኳት። አጎቴም አልፏል። መምህር አስናቀ ተዛውሮ ሄደ፤ ተረቱ ግን አልተዛወረም። የመምህሩን ስም የማያውቁ ልጆች ዛሬም ይነግሩታል። እናቴ እያለች ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ስትሞት ደግሞ ነገሩ የእሷ አደራ ሆነብኝ። አንዳንዴ ከዚያ ጎታ ውስጥ ያወጣኝ ሰው የለም እላለሁ፤ እናቴ ጎትታ ያወጣችው ሌላ ልጅ ነበረች፣ ሆዳሟን።

ፊልሙ ሲያልቅ ሐናን እራት አቀረበች። እንደ ልማዴ ከጥግ ጥጉ ጥቂት ቆርሼ እጄን ሰበሰብኩ።

«ብይ እንጂ እማማ። ሰዓዳ ጎታ እንዲህ ናት?» አለች እየሳቀች።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሴትዮዋ ፊት ቆሞ ቀርቷል። ከእናቴ ጋር የደበቅነውን ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ብነግር ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከእንግዲህ የሚወስደኝ የለም።

«ሐናን» አልኳት። «ያን ቀን እኮ ርቦኝ ነበር።»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል!» ብላ በሳቅ ፈረሰች፣ ሳህኑንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅኋት። ከዚያ ወደ ማዕዱ ቀረብኩና፣ ከዚያ መድረክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው እያየኝ፣ እስክጠግብ በላሁ።