ትከሻዬ ሲያርፍ እጄ ተያዘ

ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ ሳላስበው ወደ ቀኝ ይነጠቃል፤ ትከሻዬም ተከትሎት ሽቅብ ይላል። ፀጉር ስቆርጥ ግን ይተወኛል። ፀጉር ማስተካከያ ቤቴ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። የቆዩ ደንበኞቼ ይህን ስለሚያውቁ ምላጭ ይዤ ስቀርባቸው አይሰጉም። አዲስ ሰው ግን ተራውን ሲጠብቅ፣ መቀሱን አስቀምጬ አንገቴ ሲነጠቅ ያየኝና ስልክ የተደወለለት መስሎ ይወጣል።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደንበኛ ነበሩኝ። አንድ ቀን በመስታወቱ እያዩኝ፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እኮ መድኃኒት አለው» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ጠበል እንጂ ሐኪም ሞክሬ አላውቅም። ሆስፒታል ስሄድ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላኩኝ። ሐኪሟ እብደት እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱም ጨርሶ ባያድነኝ ንጥቂያውን ሊቀንስልኝ እንደሚችል ነግራኝ ትንሽ ነጭ ክኒን አዘዘችልኝ። ባለቤቴ ክኒኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ከተተችው።

«ሰው ካየው ሌላ ያወራል» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት አንገቴ ጸጥ አለ። መስታወት ፊት ቆሜ ትከሻዬን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ግን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ጀመር፤ ሰውነቴም ግትር አለ። ቆይቶ እጄ መንቀጥቀጥ ያዘ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ጠዋት የመምህሩን ፀጉር ከጆሯቸው በላይ ሳስተካክል መቀሱ ቆዳቸውን ነካ። እጄን ቀስ ብለው ያዙት።

«ለዛሬ ይብቃን» አሉ።

ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ እንደቀረ ኮፍያቸውን አጥልቀው ወጡ። ቀሪውን ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ እንደጨረሰላቸው ኋላ ሰማሁ። ያን ቀን ዘግቼ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ።

«እጅህ እንዲህ ሲሆን ለምን ቶሎ አልመጣህም?» አለችኝ።

«መድኃኒቱን ታስቆሚኛለሽ ብዬ ፈርቼ።»

መድኃኒቱን በአንዴ ማቆም እንደሌለብኝ አስጠንቅቃ በግማሽ ቀነሰችው። ከወር በኋላ እጄ ረጋ። አንገቴ እንደገና መነጠቅ ጀመረ፤ እንደ ድሮው ግን አይበዛም። መምህሩም ተመልሰው መጥተው ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ሐኪሟ እጅ የማያንቀጠቅጥ ሌላ መድኃኒት አለ ብላኛለች። እዚህ ከተማ ፋርማሲዎች ውስጥ ግን አልተገኘም። ሲመጣ ልትደውልልኝ ስልኬን መዝግባለች። እስካሁን አልደወለችም፤ እጄ ከረጋልኝ ወዲህ እኔም አልቸኮልኩም።