እንቁራሪት የለቀመች እጅ

መንበረ የቡኢ ልጅ ናት። ቡታጅራ ድረስ መጥታ ዱባለን ያገባችው በድምፁ ተሸንፋ ነው። ዱባለ ሲዘፍን ልብ ይቀልጣል፤ ለሥራ ሲጠሩት ግን ወገቡን ያመዋል። ይህን እያወቀች ወደደችው። ፍቅር እንዲህ ነው፤ ዓይኑን ገልጦ ገደል ይገባል።

ጣሊያን ቡታጅራ በሰፈረ በዓመቱ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ዱባለ አንድ ሰርግ ላይ እንዲህ ብሎ አወረደ፦

ድንጋይ ያስፈልጣል፣ መንገድ ይጠርጋል፤
ሲሸሽ እንዳይወድቅ ምን ያህል ይተጋል!

ሰርገኛው እልል አለ። ከእልልተኞቹ አንዱ ግን ግጥሙን ትኩስ ትኩሱን ለጣሊያን አደረሰው። በማግስቱ ዱባለ ራሱ ድንጋይ ሲፈልጥ ዋለ። ያ ወገበ በሽተኛ!

መንበረ ልታስፈታው ወደ ጣሊያኑ አለቃ ሄደች። አስተርጓሚው ከድሮ የሚባል እስላም ጎረቤቷ ነው። አለቃው እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ።

«ምን ይላል?»

«እትዬ መንበረ፣ እኔ የለሁበትም። እንቁራሪት አምጪልኝና ባልሽን ውሰጂ ነው የሚለው። ሊበላው!»

«ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ? ክርስቲያን ነኝ ይል የለ?»

ከድሮ ጠየቀላት። «በውሃም በምድርም ስለሚኖር ሥጋ አይባልም፣ ጾም አያስገድፍም ይላል።»

«በምድር ከኖረ ሥጋ ነዋ!»

«በውሃ ከኖረ ዓሣ ነው ይላል።»

«እግር ያለው ዓሣ?»

«አስተግፊሩላህ! እኔን ምን ታደርቂኛለሽ? እኔ አፉ ነኝ እንጂ ሆዱ አይደለሁም!»

እውነት ግን፣ እንቁራሪት የማን ወገን ናት? ከነጭራዋ ውሃ ውስጥ ታድጋለች፤ ኋላ ጭራዋን ጥላ፣ እግር አብቅላ፣ ወደ ምድር ትወጣለች። ያደገችበትን ውሃ ግን አትረሳም። በእኛ አገር ደግሞ እንሰት ላይ ትወጣለች። ቅጠሉ ከግንዱ በሚለይበት ብብት ዝናብ ይጠራቀማል፤ እዚያች ስኒ በማታክል ባሕር ውስጥ አውራ ጣት የማታህል ፍጥረት ተቀምጣ እንደ ሙሽራ ትዘፍናለች።

መንበረ ከጓሮዋ እንሰት ብብት እየፈለቀቀች ቅል ሞላች። አብረዋት እንሰት የሚፍቁት ሴቶች አዩዋት። አውራቸው የሺመቤት ጮኸች፦

«አንቺ! በዚህ እጅሽ ነው ቆጮ የምትጨምቂልን?»

«ባሌን ላስፈታ ብዬ ነው!»

«ዱባለን? ለዚያ ሰነፍ ብለሽ ረከስሽ?»

አለቃው ጠብሶ በላ። ከድሮ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ዱባለም ተፈታ።

ቤቱ ገብቶ ማዕድ ሲቀርብለት ግን አመነታ። «በየትኛው እጅሽ ነው የለቀምሽው?»

«በሁለቱም።»

«እንግዲያ...»

«እንግዲያ ጦምህን እደር!»

እስኪመሽ ታገሠ፤ ከዚያ አሟጦ በላ።

ሴቶቹ ግን እንደ ዱባለ አልተራቡም። የመንበረ እንሰት ለመፋቅ ደርሶ ቢቆም አንዲትም አልመጣች። ብቻዋን ጀምራው አቃታት። ከሥራው ይልቅ ያቃጠላት ግን ዝምታው ነበር። ሐሜቱ፣ ሳቁ፣ ሲፍቁ የሚቀባበሉት ዜማ ሁሉ ወደ ሌላ ጓሮ ሄዷል። ግንዱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ዱባለ ሰማት። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ወንድ ዝር አይልም፤ ነውር ነው። እሱ ግን ሱሪውን ጠቀለለና እንሰት የሚፋቅበት ጣውላ ፊት ተቀመጠ። አንድ እግሩን አንሥቶ ግንዱን በተረከዙ ረገጠ፤ በቀርከሃ መፋቂያውም ይፈገፍግ ጀመር።

ወሬው መንደሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው መጡ።

«ኧረ የወንድ ጭን እዩ!»

«ሙሽሪት ዱባለ! ነጠላሽን ሳብ አድርጊ!»

ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዱባለ ላቡን እየጠረገ ፋቀ፤ ጥሩ ጥሩውን ከቃጫው ጋር እየቀላቀለ፣ ቡላ የሚሆነውን ነጭ ፈሳሽ አፈር እያጠጣ። የሺመቤት ሳቋ ቆመ።

«ኧረ ይህ ሰው እንሰቱን ፈጀው! ተነሥ ከዚህ!»

መፋቂያውን ነጥቃ ጀርባውን አቀመሰችውና ቦታው ላይ ተቀመጠች። የቀሩትም ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ከጎኗ ሆኑ። መንበረ አጥሩ ሥር ቆማ ቀርታለች፤ እጇን ከነጠላዋ ሥር ደብቃለች።

«አንቺስ ምን ተገትረሽ ታዪናለሽ?» አለች የሺመቤት፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ታጠቢና ነይ ጭመቂ እንጂ!»