ለአውሮፕላን የታረደ በግ

ባለፈው ሳምንት ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስልኳ በኢሞ ሲጠራ፣ እጄ ሳላዘው ተነስቶ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ይህ ድምፅ ከአባቴ ሱቅ ሲሰማ የጀመርኩትን ሁሉ ጥዬ እሮጥ ነበር፤ የምትደውለው የመን ያለችው አክስቴ ሙና ነበረችና።

አባቴ ጀማል ከወሎ መጥቶ ቡራዩ የከተመ የብርድ ልብስ ነጋዴ ነበር። ታናሽ እህቱ ሙና ለሥራ የመን ሄዳ፣ እዚያው አግብታ፣ ሁለት ወንዶች ወልዳ፣ አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ ትኖር ነበር። አባቴ ስልክ መነካካት ስለማይሆንለት ኢሞውን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ወሬያቸውን ሁሉ ከመሃል ቆሜ እሰማ ነበር። ሙና በሳቅ ስትፈነዳ መስመሩ ይቆራረጥና አባቴ «ኔትወርኩም ሳቅሽን አልቻለው» ይላት ነበር።

በዚያ ዓመት በልግ ላይ የመኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ከርመው ጦርነቱ ሙና ያለችበት ከተማ ደረሰና ያ ሳቅ ጠፋ። አባቴ ከስግደቱ በኋላ ሁሉ «አንድ ጉልበት ያለው አገር ገብቶ ይገላግላቸው» እያለ ዱዓ ያደርግ ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ግን በዚህ አይስማሙም ነበር። እሳቸው ወታደር ሳሉ የጎረቤት አገር የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበርዱ ተልከው፣ አንድ ጆሯቸው ደንቁሮ የተመለሱ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተን?» ተባብለው፣ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በጤነኛው ጆሯቸው ሬዲዮ እየሰሙ ከአባቴ ጋር ይከራከሩ ነበር።

«የጎረቤት ሚስት ስትደበደብ እየሰማሁ በሬን ልዝጋ?» ይል ነበር አባቴ። እውነቱን ነው፤ አንድ ጊዜ አጥር ዘሎ ገብቶ ሰካራም ባል ከሚስቱ ላይ አንስቷል፣ ሱሪው በሽቦ ተቀዶም ሰፈሩ ወር ሙሉ ስቆበታል።

«አንተ ባዶ እጅህን ነው የገባኸው፣ ጀማል» ይሉታል ኦቦ ገመቹ። «እኛ መሣሪያ ይዘን ነው የገባነው። የመጀመሪያው ቀን ውኃ ያጠጣን ሽማግሌ፣ በወሩ ልጁን ቀብሮ፣ ስናልፍ ፊቱን አዞረብን።»

መጋቢት ውስጥ ሀብታሙ ጎረቤት አገር አውሮፕላኖቹን አስነስቶ የመን ጦርነት ውስጥ ገባ ሲባል አባቴ በደስታ አለቀሰ። ተስሎ ነበርና፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጾም ስለነበሩ ፋሲካ እስኪያልፍ ታግሦ፣ ሁለት በግ ገዛ። የሰፈራችን ደንብ ይህ ነበር፤ አንዱን አባቴ ለሙስሊሞቹ ያርዳል፣ ሌላውን ኦቦ ገመቹ ለክርስቲያኖቹ ይባርካሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ግቢ ይበላል። የዚያን ቀን ግን ኦቦ ገመቹ ቢላውን ከእጄ አልተቀበሉኝም።

«ለልጅህ ሰርግ ጥራኝ፣ እሮጣለሁ። ለአውሮፕላን ግን ቢላ አላነሳም» አሉት። አባቴ በጣም ተቀይሞ ሌላ ሰው ጠራ።

ሥጋው ተጠብሶ እየተበላ ኢሞው ጠራ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሮጬ ከፈትኩት።

«ጋሼ፣ ጎረቤቶቼ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ሊሻገሩ ነው። ለእኔና ለልጆቹም ቦታ አለ ብለውኛል። ልምጣ?»

«ሁለት ሕፃን ይዘሽ ባሕር ላይ? ምን ነካሽ! መጥተውልሻል እኮ፣ ወር ሳይሞላ ያልቃል። ቆዪ፣ ቤትሽ ተቀመጪ» አላት።

«እሺ ጋሼ» አለች። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴ የጥብስ ቅባት ነበረበት።

ክረምቱ ገባ፣ ያ አንድ ወር ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ጦርነቱ ግን አላለቀም። ረመዳን ላይ አባቴ «መቼ ያሸንፋሉ?» ማለቱን ትቶ «ዛሬ የት ደበደቡ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ሙና ልሂድ ብትልም የባሕሩ መንገድ ተዘግቶባት ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት፣ የሱቁን ቆርቆሮ በረዶ እየደበደበው ኢሞው ጠራ፣ ስከፍተው የሙና ባል ነበር። ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ የሰፈራቸውን ገበያ መትቶ፣ ሙናንና እጇን ይዞ የነበረውን ትንሹን ልጅ ገድሏቸዋል።

አባቴ «የማን አውሮፕላን?» አለ።

ሰውየው ከእሷ በተማረው ስብርባሪ አማርኛ «የመጡልን» አለው።

አባቴ ብርድ ልብስ ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። አክስቴን እወዳት ነበር፣ ግን ከሞቷ ይልቅ የሰበረኝ «ቆዪ» እንዳላት ትዝ ሲለው ያየሁት ፊቱ ነው።

ኦቦ ገመቹ ለቅሶውን ሦስቱንም ቀን ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ዋሉ፤ «ብዬህ ነበር» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ለሰደቃው ሁለት በግ ሲመጣ ማንም ሳይጠራቸው ተነስተው ቢላውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

ከዓመታት በኋላ ጦርነት የራሳችንን አገር ሲያቃጥል፣ ሰሜን ያሉ ቤተሰቦቿ ድምፃቸው የጠፋባት የሥራ ባልደረባዬ «ምነው አንድ ኃያል አገር ገብቶ ባስጣለን» ብላ አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ እንጂ ይግባም አይግባም ማለት አልቻልኩም። በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ የምትሞተው እናቷ ናት፣ ቢገባ ደግሞ ሙናን አይቻለሁ።

ያኔ አባቴ መልሱን ያውቅ ነበር። አሁን አርጅቶ በከዘራ ነው የሚሄደው፤ የጎረቤት ጩኸት ሲሰማ ዛሬም ይነሳል፣ ግን ከዘራውን በራችን ላይ አስደግፎ፣ አጥር አጥሩን ተደግፎ፣ ባዶ እጁን ነው የሚገባው። የሰው ስልክ በኢሞ ሲጠራ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «ልምጣ ስትለኝ ምን ነበር ያልኳት?» ይለኛል።

«‹እንደ ልብሽ አድርጊ› ነው ያልካት» እለዋለሁ።

«ስልኩን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ አይደል?»

«እኔ ነበርኩ፣ አባ።»

ራሱን ይነቀንቃል። ስልክ በጠራ ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይጠይቀኛል።