ለእማማ የዓለምወርቅ የዘገየ መርዶ

ቦጋለና መሳይ ከጉለሌ አብረው ወጥተው ባሕር ኃይል የገቡ፣ በአንድ መርከብ ያገለገሉ አብሮ አደጎች ነበሩ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ፣ ጣሊያን በቅኝ ግዛት ዘመኑ ባሰፋው ወደብ፣ የሻዕቢያ ፈጣን ጀልባዎች ድንገት ደረሱባቸው። መርከባቸው ተመታ። ቦጋለ ዋኝቶ ተረፈ፤ መሳይ እሳቱ ውስጥ ሲወድቅ ግን በዓይኑ አይቷል።

ሰፈሩ ሲመለስ ለመሳይ እናት ለእማማ የዓለምወርቅ መርዶውን ሊነግር ቆርጦ ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ከለከሉት። የመሳይ እህት ሮሐ ነፍሰ ጡር ናትና «ትገላገልና» አሉ። ስትገላገል «አራስ ናት» ተባለ። ቀጥሎ አባትየው ታመሙ፤ ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ። እስከዚያው «የመን ተሻግሯል በላቸው» አሉት፤ እሱም አለ። የኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ነው፤ ሲያዝንልህ ይጨርስሃል።

ዛሬ ነገ ሲባል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሄደ። አባትየውም፣ ሮሐም፣ እነዚያ ሽማግሌዎችም አለቁ። ቦጋለ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ሲሸጥ ሸበተ፤ በእማማ ደጅ ሲያልፍ ዛሬም አንገቱን ይደፋል። ዘንድሮ ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው ሲባል ግን አላስችል አለው። «እድሩ ሳይበተን፣ የሚያስተዛዝናቸው ሰው እያለ ይነገራቸው» ብሎ የእድሩን ሰዎች ለመነ።

እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ ሄደው ቤቱን ሞሉት። ቦጋለ አፉን ሳይከፍት እማማ ቀደሙት።

«እንግዲህ ልትነግሩኝ ነው?»

«እማማ... ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ብቻህን የመጣህ ዕለት አወቅሁ። አንተ መሳይን ጥለህ የምትመጣ ልጅ ነበርክ? ግን መርዶ ሳልረዳ እንዴት ላልቅስ? ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል ስል አባቱ ሳያለቅስለት ሄደ። እህቱም ሄደች። ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?»

ቦጋለ እግራቸው ላይ ወደቀ።

ድንኳን ተጣለ። ሰዉ መጣ፤ ተከራዩ፣ ጎረምሳው፣ አዲስ ሙሽራው ሁሉ። እማማ ደረታቸውን እየደቁ «ስለ ልጄ አንድ ነገር በሉልኝ እንጂ! ቁመቱን፣ ሳቁን አንሱልኝ!» አሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ማን አይቶት?

ቦጋለ ብድግ ብሎ «ሎጋው መሳይ...» ማለት ጀመረ። እማማ መጥተው አንገቱን አቀፉት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው እያየ፣ ሁለቱ ብቻቸውን አለቀሱ።