አጥር ሥር የምትውለው እናት

አዘዞ ካለ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር አንዲት እናት ከደወል እስከ ደወል ተቀምጣ ትውላለች። ልጇን አዝላ የምታመጣበት ነጠላ ትከሻው ላይ ሳስቷል። የልጇን ክፍል መስኮት ባየች ቁጥር የደረቀ ከንፈሯን በምላሷ ታርሳለች። ልጅቷ እግሯ አይሄድም፤ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ በደረጃ ነው የሚወጣው። እናቲቱ ገብታ እንዳትደግፋት "ወላጅ አይገባም" ተብላለች። ለባንዲራው መስቀያ የተገኘ ሲሚንቶ ለዚህች ልጅ መንገድ ሲሆን ጠፋ! ምን ዓይነት ልብ ነው ይሄ?

ዛሬ ዘበኛው እንኳ አዝኖ በጣሳ ውኃ ይዞላት ወጣ።

"ምነው እቴ፣ በዚህ ፀሐይ አንድ ጉንጭ ብትቀምሺ?"

"ሸጋ ነበር፣ አያ። ልጄ ሽንቴ ይመጣብኛል ብላ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም። እኔ እዚህ ተቀምጬ ልጠጣ?"

ዘበኛው ጣሳውን ይዞ ተመለሰና በሩን መልሶ ቆለፈው።